መንግሥት የሚከፍልልዎ የቱን ነው? ከወረታ እስከ ናበጋ የጤና መድን ድጋፍ የሚገኝበት መንገድ

አሜሪካ ዘመድ ያለው የወረታ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም፤ «እዚያ የድሃውን ቤት የኢንተርኔት ሒሳብ መንግሥት ይከፍላል አሉ፤ ለእኛስ?» ወሬው ውሸት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ሁሉ በወር እስከ 30 ዶላር ይሸፍን ነበር፤ ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ተጠቅሞበታል። ገንዘቡ ሲያልቅ በ2024 አጋማሽ ቆመ። ያን ድጎማ ያገኙት አብዛኞቹ በሌላ የመንግሥት መዝገብ ውስጥ፣ ለምሳሌ በምግብ ወይም በሕክምና እርዳታ፣ ቀድሞ ስማቸው የነበረ ሰዎች ናቸው።

በእኛ ሀገር ለአንድ ቤት ተብሎ የሚከፈል የኢንተርኔት ድጎማ የለም። ዋጋ ሲቀንስ ለሁሉም ይቀንሳል፤ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፉን በ43 በመቶ ሲያወርድ ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም እኩል ነው የቀነሰላቸው። ስለዚህ «የነፃ ኢንተርኔት ፎርም ላስሞላዎት፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ላኩልኝ» የሚል ሰው ከደወለ ስልኩን ይዝጉ። ወጪ ለመቀነስ የሚያዋጣው ከሒሳብ ላይ በቀጥታ መጠቀም ትቶ *999# ላይ ገብቶ ጥቅል መግዛት ነው። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ ቃል ማባከን አያስፈልግም።

መንግሥት ቤተሰብን በስም መዝግቦ የሚከፍልበት ነገር ግን እዚሁ ፎገራ ወረዳ ውስጥ አለ፤ እሱም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ፎገራ ለዚህ መድን ባለቤት እንጂ እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና ፎገራ ነበሩ። ሌላው ወረዳ ነገሩን የሰማው እነዚህ ከሞከሩት በኋላ ነው። እንዲህም ሆኖ ከድሃ ድሃ የሆነው ሰው መዋጮው ሊከፈልለት እንደሚችል የማያውቅ፣ ቢያውቅም «እኔን ማን ይጽፈኛል» ብሎ የተወ ብዙ አለ። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው። ይልቁንም ማንበብ የሚችለውና ስልክ የያዘው ልጅ፣ የልጅ ልጅ ወይም ጎረቤት ስለ እሱ ሆኖ እንዲያነበው ነው።

ድጋፉ ሁለት ዓይነት ነው

መድኑ የሚሠራው አባወራውና እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ መንግሥት ይጨምራል። አንደኛው ጭማሪ አጠቃላይ ድጎማ ይባላል፤ ከሚከፍሉት አባላት መዋጮ ላይ ተሰልቶ ወደ ቋቱ የሚገባ ሲሆን በሙከራው ዘመን 25 በመቶ ነበር። ይህን ለማግኘት ማመልከት አያስፈልግም፤ ከፍለው አባል ሲሆኑ አብሮ ይመጣል።

ሁለተኛው የመክፈል አቅም ለሌላቸው ብቻ የታሰበ ነው። ለእነዚህ ቤተሰቦች ሙሉ መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ፤ ቤተሰቡ አንድ ብር ሳያወጣ እንደማንኛውም አባል ይታከማል። «ለድጋፉ ብቁ መሆን» ሲባል የሚፈለገው ይህኛው ነው። ማመልከቻ ጽፎ የሚገኝ ነገርም አይደለም፤ የሚገኘው የሰፈር ሰው መስክሮ ስም ሲጻፍ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህች አንድ ነገር ላይ ያጠነጥናል።

በነፃ የሚሰጠውን ቀድመው ይለዩ

ለአንዳንድ ሕክምና መድንም ድህነትም አይጠየቅም። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትልና በጤና ጣቢያ መውለድ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና መድኃኒት፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት ለማንም ነፃ ናቸው። ነፍሰ ጡር ሚስትዎን «የመድን ካርድ የለንም» ብለው ቤት አያስቀሯት። ካርዱ የሚያስፈልገው ለቀረው ነው፤ ለተመላላሽ ሕክምናው፣ ለላቦራቶሪው፣ ለመድኃኒቱ፣ ለአልጋው፣ ለቀዶ ሕክምናው።

መድኑ የማይሸፍነውንም አስቀድሞ ማወቅ ከክርክር ያድናል። መነጽር፣ አርቴፊሻል ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምና፣ የኩላሊት እጥበት፣ የአካል ንቅለ ተከላና የውጭ ሀገር ሕክምና አይካተቱም። የመኪና አደጋ ደግሞ በተሽከርካሪው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚታይ ነው፤ በባሕር ዳርና ጎንደር መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የየትኛው አስተዳደር ነዋሪ ነዎት?

ወረታ ከተማ የራሱ አስተዳደር አለው፤ ፎገራ ወረዳ ደግሞ ሌላ ነው፣ ጽሕፈት ቤቶቹ እዚያው ከተማ ውስጥ ቢሆኑም። የሚመዘገቡት መታወቂያዎ ባለበት ቀበሌ ነው። ችግር የሚገጥመው መሐል ላይ ላለው ሰው ነው፤ መታወቂያው የገጠር ሆኖ ወረታ ተከራይቶ ለሚኖረው ወይም ከባሏ ተፋትታ ወደ ከተማ ለገባችው። ገጠሩ «ሄዳለች» ይላል፣ ከተማው «አላውቃትም» ይላል። እዚህ ላይ ሌላ ዘዴ የለም፤ ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ አስጽፎ በአሁኑ ቀበሌ መመዝገብ ነው። መሸኛው የሚያስፈልገው የድሃ ልየታው ሲጀመር ሳይሆን ከወራት በፊት ነው፤ ትናንት የመጣን ሰው ጎረቤት ሊመሰክርለት አይችልምና።

የሚይዟቸው ወረቀቶች ጥቂት ናቸው፤ የቀበሌ መታወቂያ፣ ካለ የጋብቻ ወይም የፍቺ ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የክትባት ካርድ፣ ለካርዱ የሚለጠፍ ጉርድ ፎቶ። የፋይዳ መታወቂያ ካለዎት እሱንም ይያዙ። ስምዎ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ይመልከቱ። አንዱ ላይ «ወርቄ»፣ ሌላው ላይ «ወርቅነሽ» ከሆነ ዛሬውኑ ያስተካክሉት፤ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ላይ ደርሶ መከራከር አድካሚ ነው።

ጊዜው

በፎገራ ሜዳ ሩዙ ኅዳር ላይ ይታጨዳል፣ ተወቅቶም ይገባል፤ ገንዘብ እጅ ላይ የሚኖረው ያኔ ነው። የመድኑ ምዝገባና እድሳትም ይህንኑ ተከትሎ አብዛኛውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ይካሄዳል። የመክፈል አቅም የሌላቸው ሰዎች ልየታ ከዚያ በፊት ወይም ከዚያው ጋር ይሆናል። ትክክለኛው ቀን ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ከኅዳር ጀምሮ የቀበሌዎን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይጠይቁ፤ «የዘንድሮ የድሃ ልየታ መቼ ነው? የኛ ጎጥ ስብሰባስ?» ብለው። ከቀበሌ ሥራ አስኪያጁም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት፤ ቤት ለቤት የምትዞረውም እሷው።

ጊዜው የሚያልፍባቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንዱ በጥር ጤነኛ ስለሆነ «ኋላ እመዘገባለሁ» የሚል ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ነሐሴ ላይ ሞልተው የናበጋን፣ የዋገጠራን፣ የሺናንና የቅድስት ሐናን ቀበሌዎች ውሃ ሲያለብሱ፣ ከዚያም ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባው ሲነሳ፣ የዚያ ዓመት መዝገብ ተዘግቷል። ሌላው በልየታው ሰሞን ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ የወረደው ነው። የሚሄዱ ከሆነ ስለ ቤትዎ የሚናገር ሰው በስም ይወክሉ፤ ሚስትዎ ስብሰባው ላይ ብትገኝ ከማንም ይሻላል።

ካለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር ወዲህ ስብሰባ ተጠርቶ የሚቀርበት፣ ጽሕፈት ቤትም የሚዘጋበት ቀን አለ። ከሩቅ ቀበሌ ወደ ወረታ ከመነሳትዎ በፊት ደውለው ያረጋግጡ።

ስም የሚገባበት ስብሰባ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። አሠራሩ ከቀበሌ ቀበሌ ትንሽ ይለያያል እንጂ መሠረቱ አንድ ነው። በጎጥ ወይም በቀጠና ደረጃ ነዋሪው ተሰብስቦ የመክፈል አቅም የላቸውም የሚላቸውን ይጠቁማል፤ የቀበሌው ኮሚቴ ያጣራል፤ የቀበሌው አመራር ያጸድቅና ወደ ወረዳ ይልካል። ወረዳው የሚቀበለው የመደበው በጀት እስከሚችለው ድረስ ነው። ስለዚህ ድሃ መሆን ብቻ አይበቃም፤ ከሌላው ድሃ ጋር ተነጻጽሮ ቅድሚያ የሚገባው መሆንን ይጠይቃል። ይህ ያማል፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

ሰብሳቢዎቹ የሚመዝኑት የሚታየውን ነው፤ መሬት አለ ወይ፣ ከብት አለ ወይ፣ በቤቱ ውስጥ ሊሠራ የሚችል ጉልበት አለ ወይ፣ የሚጦር ልጅ ወይም ዘመድ አለ ወይ፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ፣ አካል ጉዳተኛ፣ የደከሙ አረጋዊ ወይም ወላጅ አልባ ልጅ አለ ወይ።

ፎገራ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። አገሩ የሩዝ አገር ነው፤ ጎተራው ሙሉ፣ የፎገራ ላም ባለቤት ነው ተብሎ ይታሰባል። ሰው ሁሉ ሩዝ ስላለው ድሃ የለም የሚል ሐሳብ ስብሰባ ውስጥ ሳይነገር ይገባል። ሩዝ ማሳ ላይ መዋል ግን የማሳው ባለቤት መሆን አይደለም። አረም የሚያርመውና የሚያጭደው ወጣት ብዙ ጊዜ መሬት የለውም። መሬት በስሟ ያላት አሮጊት ጉልበትና በሬ ስለሌላት የእኩል ሰጥታ ነው የምትኖረው፤ ጎርፍ በወሰደው ዓመት ደግሞ እኩሉም የለም። መዝገቡ ላይ ግን «ባለመሬት» ናት። እንዲህ ያለ ነገር ካልተነገረ ማንም አያስበውም።

ስለዚህ ሲናገሩ «ድሃ ነኝ» አይበሉ፤ ሁሉም ይላል። የሚቆጠረውን ይናገሩ። ለምሳሌ ጎረቤት ሆነው ለአንዲት እናት ሲመሰክሩ እንዲህ ማለት ይችላሉ፦ «እማማ መሬት አላቸው፣ እውነት ነው። ግን የእኩል የሰጡት ነው፤ አምና ጉማራ ወስዶት ምንም አላገኙም። ልጃቸው ባሕር ዳር አለ እንላለን፤ እሱም የቀን ሠራተኛ ነው፤ የሚልክላቸው ነገር የለም። ቤት ውስጥ ያለችው የልጅ ልጅ ናት፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ። ስኳር ታመዋል፤ በየወሩ መድኃኒት ይገዛሉ።» ይህ የአንድ ደቂቃ ንግግር ነው፤ ኮሚቴው ሄዶ ሊያጣራው የሚችል ነገር ነው፤ እማማንም አያዋርዳቸውም።

«ልጅ አለው» የምትለው ቃል ብዙ ስም ያስወጣች ናት። ልጁ የት እንዳለ ሳይሆን ምን እንደሚልክ ይነገር። «ቤቱ ቆርቆሮ ነው» የምትለውም እንዲሁ፤ ቆርቆሮው መቼና በማን ገንዘብ እንደተሠራ ይታወቃል። በአንጻሩ ያለውን ደብቆ መናገር ራስን ይጎዳል፤ ጎረቤት ፊት ነው የሚወራውና አንድ ውሸት ሲገኝ እውነቱም አብሮ ይወድቃል።

ኩራት ሌላው እንቅፋት ነው። የተከበሩ አዛውንት ስብሰባ ላይ ተነስተው «አጣሁ» አይሉም፤ ሌላውም ፊት ለፊት «አጥተዋል» አይላቸውም። እዚህ ላይ የእድር ዳኛ፣ የሰፈር ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ቢያነሱላቸው ይሻላል። እርስዎ የሚያውቁት እንዲህ ያለ ሰው ካለ ስብሰባው ሳይደርስ ከኮሚቴው አንዱን ሰው ለብቻው ያናግሩት።

በዝርዝሩ ለመግባት ለማንም የሚከፈል ገንዘብ የለም። ጉቦ የሚጠይቅ ካለ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይነገር።

ስምዎ ከቀረ

ዝርዝሩ ለሕዝብ መነበብ ወይም መለጠፍ አለበት። ካልተነበበ «ይነበብልን» ብሎ መጠየቅ መብት ነው። ስምዎ ከሌለ መጀመሪያ ለቀበሌው ኮሚቴ በቃል፣ ከዚያ በጽሑፍ ያቅርቡ። ማመልከቻው ረጅም አይሁን፤ ስምና ጎጥ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ መሬትና ከብት መኖር አለመኖሩ፣ ያለው ሕመም፣ የሚመሰክሩ የሦስት ጎረቤቶች ስምና ፊርማ ይበቃል። አንድ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩና ገቢ የሆነበትን ቀን ያስጽፉበት። ቀበሌው መልስ ካልሰጠ ወደ ወረዳው፣ የከተማ ነዋሪ ከሆኑም ወደ ወረታ ከተማ አስተዳደር የጤና መድን ክፍል ይዘውት ይሂዱ። በጀት አልቆ ከሆነ ለዘንድሮ ላይሳካ ይችላል። ማመልከቻው ግን ለከርሞው ልየታ ማስረጃ ይሆናል፤ ኮሚቴው ሲቀየር እንኳ ወረቀቱ ይኖራል።

በዚህ መሐል ከፍለው አባል መሆን ከቻሉ ይሁኑ። መዋጮው በየጊዜው ስለሚሻሻል የዘንድሮውን ከቀበሌዎ ይጠይቁ፤ የሚከፈለው ለመላው ቤተሰብ መሆኑን፣ አጠቃላይ ድጎማውም በዚያ ላይ እንደሚጨመር አይርሱ። እቁብ ያላቸው ሰዎች ዕጣቸው በጥር እንዲወጣላቸው ይስማማሉ፤ ጥሩ ዘዴ ነው። አንዳንድ እድርም የአቅመ ደካማ አባሉን መዋጮ ይከፍላል፤ ለቀብር ከሚያወጣው ላይ ጥቂቱን ለሕክምና ቢያወጣ ማን ይቆጣዋል? በእድርዎ ስብሰባ ላይ ያንሱት። የከፈሉበትን ደረሰኝ ከካርዱ ጋር ያስቀምጡ።

ካርዱ ሲሰጥዎ

ከመስኮቱ ሳይለቁ ያንብቡት፤ ማንበብ ካልቻሉ ልጅ ያስነብቡ። ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሁሉ ስማቸው መስፈር አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዘንድሮ የተወለደ ሕፃን ነው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ወይም አብሮ የሚኖር ሌላ ዘመድ በተጨማሪ ክፍያ እንደሚካተት ይጠይቁ። ፎቶው ተለጥፎ ማኅተም ማረፉን፣ የሚያገለግልበት ዓመት መጻፉን፣ ሕክምናው ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር ያረጋግጡ፤ አዲስ አባል በተመዘገበበት ቀን ላይታከም ይችላል።

ሲታመሙ

ካርዱ የሚያገለግለው መድኑ ውል በገባባቸው የመንግሥት ጤና ተቋማት ነው፤ መግቢያው ደግሞ ጤና ጣቢያ ነው። ከፎገራ ተነስቶ በቀጥታ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የሚሄድ ሰው በካርድ ክፍሉ «ሪፈርዎ የት አለ?» ይባላል፤ ሪፈር ከሌለው ከኪሱ ይከፍላል። ጤና ጣቢያው ሪፈር ሲጽፍልዎ የሚልክዎት ሆስፒታል ከመድኑ ጋር ውል ያለው መሆኑን በዚያው ይጠይቁ፤ የሪፈር ወረቀቱ ላይ ማኅተም ይኑር። ለሞት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ከሆነ ቅድሚያ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ነው፤ ካርዱን ግን ሰው ያምጣልዎት።

አብዛኛውን አባል የሚያስመርረው መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ያዘዘው በተቋሙ ፋርማሲ ሲታጣ ዝም ብለው ከውጭ አይግዙ። መጀመሪያ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ እንዲጻፍና ማኅተም እንዲያርፍበት ያድርጉ። ከዚያ በተቋሙ ያለውን የጤና መድን ባለሙያ ውል የተገባበት ሌላ ፋርማሲ አለ ወይ፣ ከሌለ ከውጭ የተገዛው የሚመለስበት አሠራር አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። የሚመለስ ከሆነ ያለ ማኅተሙና ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አይሆንም። «መድን ከያዝን በኋላ ተመልሰን ከፋዮች ሆንን» የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው፤ ታዲያ ቅሬታው በቃል ከሚቀር በዚያው ቀን ለወረዳው የጤና መድን ክፍል ቢደርስ ይጠቅማል፤ ለተቋሙ የሚከፈለው ገንዘብ በእነሱ በኩል ስለሚያልፍ ተቋሙ የሚሰማው እነሱን ነው።

የመኪና ወጪና የአስታማሚ ምግብ መድኑ አይከፍልም። ከናበጋ ወረታ፣ ከወረታ ደብረ ታቦር ለሚጓዝ ቤተሰብ ይህ ከሕክምናው ሊበልጥ ስለሚችል ጥቂት ገንዘብ ለዚሁ ይያዝ።

በየዓመቱ

በመንግሥት የተከፈለለት ቤተሰብም ዘላለም አይከፈልለትም። ዝርዝሩ ይከለሳል፤ ኑሮው የተሻሻለው ይወጣል፣ አዲስ የተቸገረው ይገባል፤ አንዳንዴም ያልተሻሻለው በስህተት ይወጣል። ስለዚህ አምና ስሜ አለ ብለው ቤት አይቀመጡ፤ ኅዳር ሲገባ ያችኑ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዳግም ይጠይቁ፣ ስብሰባው ላይም ይገኙ። ካርዱ ለአዲሱ ዓመት ካልታደሰና ማኅተም ካላረፈበት ጤና ጣቢያ አይቀበለውም። በዓመቱ ውስጥ የሞተ፣ የተወለደ፣ ያገባ ወይም 18 የሞላው ሰው ካለ በእድሳቱ ጊዜ ያስመዝግቡ።